ግልባጭ

ይድረስ ለዚያኛዋ፣ ከወንዝ በታች ላለሽ፣
ማራ ሲገለበጥ ራማ ለተባልሽ።
እንደምን ከርመሻል? እኔስ ደኅና ነኝ፣
ጉንፋን ብቻ ይዞኝ፣ ዝናቡ አስነጠሰኝ።
ቩፐርታል ያው ናት፤ ጥቁር ድንጋይ ለብሳ፣
ዝናብ ሲያባራ እንኳ ዝናብ አስታውሳ።
ባቡራችን ዛሬም በጣራው ተንጠልጥሎ፣
እንደ ሌሊት ወፍ ነው፣ ወንዙን ተከትሎ።

ትዝ ይልሻል ያ ማታ? የመጨረሻው ጉዞ፣
በሁለት ጣቢያ መሐል ባቡሩ ደንዝዞ፣
መብራቱም ደብዝዞ።
ከእናቴ ተጣልቼ፣ በሩን ወርውሬባት፣
«ሌላ እናት በሆነች!» የሚል ቃል ጥዬባት፣
ቁልቁል ወደ ወንዙ ዓይኔን ጣል ባደርገው
አንዲት ልጅ ከውሃው ውስጥ ዓይኔን መለሰችው።
ነጸብራቄ ብትሆኚ ተዘቅዝቀሽ ነበር፤
ቀጥ ብለሽ ቆመሻል፣ ሐዲድ ላይ ባለ ባቡር።
ቀኜን ባነሣልሽ ግራሽን አነሣሽ፣
መስኮቴን ብከፍት መስኮትሽን ከፈትሽ፣
ስዘልም ዘለልሽ።
አየሩ መሐል ላይ ጸጉር ለጸጉር ተነካካን፣
ቃል አልተለዋወጥን፤ ውሃውም አልነካን።

ከተማሽን ወደድኩት፤ ለምን እዋሻለሁ?
ዝናብ ከአስፋልት ተነሥቶ ሽቅብ ሲዘንብ አየሁ።
ጃንጥላ ዘቅዝቆ ከጉልበቱ በታች
ሰው ሁሉ ይራመዳል፤ አንድ ድመት ብቻ አለች
ያልተጠነቀቀች፣ ሆዷ የረጠበች።
ወንዙ ወደ ምንጩ ሽቅብ ይጓዛል፣
ጎረቤት ሲለያይ «እንዴት ዋልሽ?» ይላል።

ቁርጥ እናቴን ናት እናትሽ፤ ሳቋ፣ ሳሏ፣ ድምጿ፤
ማርያም የሳመቻት ግን እዚያ በግራ ጉንጯ።
«አመሸሽ» አለችኝ፤ ሾርባ ቀዳችልኝ፣
ማንኪያውን በግራ በኩል አኖረችልኝ።
በቀኜ አነሣሁት። አየች። ዝም አለችኝ።
በሦስተኛው ማታ፣ ቃልም ሳትናገር፣
ማንኪያው በቀኜ ነው፣ ከሳህኑ ዳር።
ያን ሌሊት አልተኛሁ። ዐወቀች፣ አልኩ፤ ዐወቀች።
ልጄ ነሽም አላለች፣ ሂጂልኝም አላለች፤
ብርድ ልብስ ደርባ፣ እግሬን ሸፈነች።

በዐሥራ አንደኛው ቀን፣ በዚያው መስኮት ዘልዬ፣
አንቺም ስትመለሺ አየር ላይ አይቼ፣
«እናቴ እንዴት ናት?» ልልሽ አስቤ
ጸጉርሽ አፌ ገባ፤ አለፍሽኝ ከአጠገቤ።

(እግረ መንገዴን ግን፣ ጉድ ነው የሠራሽኝ!
ዐሥራ ሁለትን ሁሉ ሃያ አንድ ብለሽ
በሒሳብ ፈተና ዜሮ አሸከምሽኝ።
ቲልማንን ስትለዪው «እንዴት ዋልክ?» ብለሽው፣
ዞር ብለሽ ሄደሽ፣ መልስ አፉ ላይ ሳለ፣ ጣቢያው ላይ አቁመሽው፤
አሁን ባገኘኝ ቁጥር «ደኅና ውያለሁ» ይለኛል፤ ምን ልበለው?)

አልነገርኩሽ ይሆናል፤ የእናቴ ሥራዋ
ጥብጣብ ፋብሪካ ነው፤ እንከን ለቀማዋ።
ሃያ ዓመት ሙሉ፣ ሐሩ በእጇ ሲያልፍ
ፊትና ጀርባውን ትለያለች በጣት ጫፍ።

ቤት ስገባ መሽቷል። ማንኪያው ግን፣ ተመልከቺ፣
በግራ በኩል ነው፣ እንደምትበዪው አንቺ።
ቆማ አየችኝ፤ ቀረበች፤ የጸጉሬን መሥመር
በጣቷ ተከተለችው፣ ልክ እንደ ሐር ክር።
ከዚያም ማንኪያውን አነሣች፣
በቀኜ አስቀመጠች፣
ሾርባውን ቀድታ እፍ፣ እፍ አለች፣
ስለ በሩም አይደል፣ ስለ ቃሌም አይደል፣ ስላንቺ ጠየቀች፦
«ለመሆኑ ልጅቱ በሰላም ገባች?»

መልስ ስጪኝ ራማ፤ በሰላም ገባሽ ወይ?
ወረቀቱን ጣይው ከወንዙ ፊት ላይ።
እናቴ እስከ ዛሬ ሁለት ማንኪያ ታኖራለች፣
አንዱን በግራ በኩል፤
«ምናልባት» ትላለች።

ማራ
ግልባጭ፦ ለእናትሽ